የጎደሬ ቀለም ያላት ብስክሌት

ጃንዋሪ 9

ቀዝቃዛ ቀን። ንፋሱ ከባሕሩ በኩል ነው። ጠዋት የሩዝ ገንፎ ሠራሁ፣ ባሌ ጂን-ቱ በልቶ ወደ ጎደሬ ማሳው ሄደ። አማቴ በሩ ላይ ተቀምጠው ባቄላ ይፈለፍላሉ። ዕቃ አጠብኩ። ቤት ጠረግኩ። ትንሽ ቆይቼ የጠረግኩትን እንደገና ጠረግኩ።

የብስክሌት ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ እንዲህ ነኝ። ሰውነቴ በዚያው በሥራ ሰዓቱ ይነቃል፣ የሚሄድበት የለውም። ትናንት ቴሌቪዥን እያየሁ ጣቶቼ ብቻቸውን የጎማ ሽቦ ሲያስገቡ ያዝኳቸው። ጂን-ቱም አይቷል። «ምንድነው የምትመቺው? ሙዚቃው እኮ አልተሰማኝም» አለኝ። ባል ተብዬ...

ከሰዓት ቅርጫት ልፈልግ ጓሮ ካለው መጋዘን ገባሁ። የጂን-ቱ አባት ብስክሌት እዚያው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ሰውየው ከሞቱ ጀምሮ ማንም አልነካውም። የድሮ የጭነት ብስክሌት፣ ከባድ፣ ከኋላው አልጋ የሚያክል የዕቃ መጫኛ የተሸከመ። የፊቱን ጎማ አነሳ አድርጌ አሽከረከርኩት። እንደ ሰካራም ይወላገዳል። ሽቦው አንዳንድ ቦታ ተበጥሷል፣ ሌላው ረግቧል።

ይህን እኮ ማቃናት እችላለሁ።

«አትንኪው» የሚል ድምፅ ከኋላዬ። አማቴ ናቸው። መቼ መጡ? ወጣሁ። ቅርጫቱን ረሳሁት።

ጃንዋሪ 10

ቅርጫቱን ላመጣ ገባሁ። አሁንም ረስቼው ወጣሁ።

ጃንዋሪ 14

እራት ላይ ጠየቅኳቸው። ከጠዋት ጀምሮ ሳስበው ነው የዋልኩት፣ አፌ ግን ዓሣው ሊያልቅ ሲል ነው የተከፈተው።

«እማማ፣ ያንን ብስክሌት ባድሰውስ?»

ጂን-ቱ ሳቀ። «ቢ-ሺያ፣ ሥራ ከፈለግሽ እኮ ማሳው ላይ አረም ሞልቷል።»

«አረም የሚያርም ባል አለኝ።»

አማቴ አጥንት ከአፋቸው አወጡ፣ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጡ። እምቢ ማለታቸው ነው ብዬ ተስፋ ቆርጬ ሳህን መሰብሰብ ጀመርኩ። ከመቀመጫቸው ተነስተው ወደ ክፍላቸው ሲሄዱ፣ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ፣ «ዝገት ከሚበላው አንቺ ብትበይው ይሻላል» አሉ።

እሺ ማለት ነው? ጂን-ቱን አየሁት። «እሺ ማለት ነው» አለ። «ከእሷ አፍ ከዚህ የተሻለ እሺ አይወጣም።»

ጃንዋሪ 19

ፈታታሁት። ብሎኖቹ አንዳቸውም በሰላም አልተፈቱም። ዘይት አጠጥቼ አሳደርኳቸው፣ ዛሬ በመዶሻ፣ በልመና፣ በስድብ... መቀመጫው ሥር የአይጥ ጎጆ ነበር። ክፍሎቹን እያንዳንዳቸውን በየሳህኑ ሳስቀምጥ ግቢው ሁሉ ድግስ የተደገሰበት መሰለ። አማቴ እያለፉ «ሳህኔን ግራሶ አስነካሽው» አሉ። 

ዛሬ አንድ ነገር ገባኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቦታ ቆሜ ጎማ ብቻ ነው የሠራሁት። ቸርኬ ይመጣልኛል፣ ሽቦውን አስገብቼ፣ ወጥሬ፣ አቅንቼ አሳልፋለሁ። ገጠማው ሌላ ሕንፃ ውስጥ ነበር። የእኔ ጎማዎች ስንት አገር ሄደዋል? ማን ነድቷቸዋል? እኔ ግን አንድ ሙሉ ብስክሌት በእጄ ሠርቼ አላውቅም። የራሴ ብስክሌት እንኳ ኖሮኝ አያውቅም። ፋብሪካ የምሄደው በጂን-ቱ ሞተር ነበር።

ይሄኛው የራሴ ይሆናል። ሐሳቤ ይኸው፦ ያንን ግዙፍ መጫኛ አውልቆ መጣል። ከባዱን መሪ በቀጭን መለወጥ። ቀጭን ጎማ። ቀለሙ ደግሞ ጎደሬ ሲቆረጥ ውስጡ የሚመስለው፣ ያ ነጣ ያለ ሐምራዊ። ከዚያ በኤፕሪል የባሕሯ አምላክ እናት ማዙ፣ ምስሏ በሰው ትከሻ፣ ከከተማችን ከዳጂያ ቤተ መቅደሷ ወጥታ አገሩን ስትዞር፣ እኔም እንደ ሰዉ በብስክሌቴ እከተላታለሁ። በእግርም በብስክሌትም ሰው ሁሉ ይከተላታል። እኔ ሁልጊዜ ፈረቃ ላይ ነበርኩ።

ጃንዋሪ 27

የፊቱ ጎማ አለቀ።

አዲስ ቸርኬ፣ አዲስ ሽቦ፣ የድሮው የመሃል እምብርት። እምብርቱን ፈትቼ ኩሽኔታውን አጥቤ ግራሶ ስሞላው ውስጡ እንደ መስታወት ያበራል። የድሮ ሰው ብረት... ሽቦውን ሳስገባ ዓይኔን ጨፍኜ ሞከርኩ። እጄ አልረሳም። አንዱ ሽቦ ሲመታ የሚሰጠው ድምፅ ከጎረቤቱ ጋር እስኪመሳሰል ወጠርኩ። አሽከርክሬ ጣቴን ከጠርዙ አጠገብ አስጠጋሁ። ክፍተቱ ዙሪያውን አንድ ዓይነት። የፀጉር ያህል እንኳ አይወላገድም።

ጂን-ቱን ጠርቼ አሳየሁት። «ቆንጆ ነው» አለ።

«እስኪ በደንብ እየው።»

«አየሁት እኮ። ክብ ነው።»

ክብ ነው ይለኛል። ይሁን። እኔ ግን አሥር ጊዜ ወጥቼ አሽከረከርኩት። ኮራሁ፣ ምን ልበል?

ፌብሩዋሪ 6

በጨረቃ አቆጣጠር የዘመን መለወጫ። በበዓል ብረት አይነካም ብለው አማቴ መፍቻውን ቀሙኝ። ከትራሳቸው ሥር ነው የደበቁት፣ አይቻለሁ።

ፌብሩዋሪ 18

ቀለም ቀባሁ! በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍግ ስንት ቀን ከረምኩ፣ ክንዴ የእኔ አልመስል አለኝ። ዛሬ ግን ነፋስ የለም፣ ፀሐይ አለ፣ የብስክሌቱን አጥንት፣ ባዶ ብረቱን፣ በገመድ ግቢው መሃል ሰቅዬ ቀባሁት። ቀለም ቤት ያለው ሰው ቁራሽ ጎደሬ ይዤለት ሄጄ እስኪመሳሰል ሲቀይጥ ነበር፣ ስቆብኛል።

እስከ ዛሬ «እሱ» እል ነበር። ከቀባሁ በኋላ «እሷ» ሆነች። ከአፌ ነው የወጣው፣ አስቤው አይደለም።

ማታ ላይ አንድ ነገር ሆነ። መጫኛውን ከቆሻሻ ብረቶቹ ጋር ከአጥሩ ውጭ አውጥቼው ነበር፣ ነገ ቁራሌው እንዲወስደው። ወጥ ቤት ሳለሁ ብረት ድንጋይ ላይ ሲጎተት ሰማሁ። አማቴ። ያንን የሚያክል ብረት በሁለት እጃቸው እየጎተቱ በበሩ ሲገቡ። ላግዝ ስል በክርናቸው ገፉኝ። ቧንቧው ሥር አስቀምጠው በብሩሽ ፈተጉት። ጂን-ቱ «እማዬ፣ ምን ያደርግልሻል?» ቢላቸው ፍተጋቸውን ቀጠሉ።

ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። እንዴት አንቀሳቀሱት?

ፌብሩዋሪ 19

አላናገሩኝም። ምሳም ለብቻቸው በሉ።

ፌብሩዋሪ 20

ባቄላ ልፈለፍል አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሳህኑ በግማሽ ሞላ። ከዚያ እኔን ሳያዩ ጀመሩ።

«እዚያ መጫኛ ላይ ማን እንዳልተጫነ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም እማማ።»

«ጎደሬ ተጭኗል። አሳማ ተጭኗል፣ ሁለት አሳማ ባንዴ። ያንቺ ባል በትኩሳት ሲቃጠል ተጭኖ ሐኪም ቤት ሄዷል። የጎረቤት ሚስት ምጥ ይዟት ተጭናለች። ባሌ በየዓመቱ ማዙን ሲከተል ደግሞ የሰፈሩ ሰው ስንቅ ሁሉ እሱ ላይ ነበር። እኔ አንድ ቀን አልተቀመጥኩም።»

«ለምን?»

ሞኝ እንደሚታይ አዩኝ። «ለሚያልፈው መንገደኛ ማን ያበስላል?»

እውነታቸውን ነው። ማዙ በምታልፍበት መንገድ ያለ ቤት ሁሉ ለተከታዮቿ ምግብ ያወጣል። እኔ ሠላሳ ዓመት በዚህ ቤት ስኖር አማቴ በዚያ ሰሞን ከምድጃ ተለይተው አያውቁም። ቢለምኗቸው እንኳ የሚሄዱ አይመስለኝም ነበር። ለካ የሚጠይቃቸው ሰው ነው የጠፋው...

 ባቄላውን ጨርሰን ተነሳን። አሁን ክፍሌ ተቀምጬ የማስበው ያንን ቀጭን መሪና ቀጭን ጎማ ነው። ቆንጆ ትሆን ነበር።

አይ። የበለጠ ቆንጆ ትሆናለች።

ፌብሩዋሪ 25

አዲስ ሐሳብ። መጫኛው ይመለሳል። ላዩ ላይ መቀመጫ፦ የተሰበረው የቀርከሃ ወንበር እግሩ ተቆርጦ፣ መደገፊያውና ክንዱ እንዳለ። ለእግር ማሳረፊያ በግራና በቀኝ። የፊቱን ጥርሳም ክብ በትንሽ እለውጠዋለሁ፣ ጭነት ይዤ ስረግጥ እንዲቀለኝ። ፍሬኑ ድሮም ደካማ ነው፤ ከኋላ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት የሚይዘውን ዓይነት አደርጋለሁ። የኋላውን ጎማ ደግሞ ፈትቼ በወፍራም ሽቦ እንደገና እሠራለሁ።

ለአማቴ አልነገርኳቸውም። ወንበሩን ስቆርጥ ግን አይተዋል። «ምን ልታደርጊው ነው?» አላሉም። ሁሌ የሚጠይቁ ሴትዮ... አልጠየቁም።

ማርች 11

መቀመጫው ተገጠመ። ትራሱን ከድሮ የፋብሪካ የሥራ ልብሴ ሰፋሁት፣ ሰማያዊው ጨርቅ ከሐምራዊው ጋር እንዲህ ይስማማል ብዬ አላሰብኩም። መታጠቂያም ሰፋሁለት። ጎደሬ በጆንያ ጭኜ ሰፈሩን ዞርኩ። አልተንገዳገደችም። የኋላው ጎማ ድምፅ አላሰማም።

ሰዎች ቆመው ያያሉ። አንዷ «ቢ-ሺያ፣ ለጆንያ ወንበር ሠራሽለት?» አለችኝ። «የደከመው ጎደሬ ነው» አልኳት።

ማርች 13

ክፉ ቀን።

ጆንያ አይወዛወዝም፣ ሰው ይወዛወዛል፣ በሰው ልሞክር ብዬ ጂን-ቱን ጫንኩት። እምቢ ብሎ ነበር። «ሚስቴ ጭናኝ ስትሄድ የሰፈሩ ወንድ ቢያየኝ ምን ይለኛል?» «ሚስቱ ጠንካራ ናት ይላል።» ተቀመጠ። እንደ ንጉሥ እጁን እያወዛወዘ ለአላፊ አግዳሚው ሰላምታ ይሰጣል። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ።

የውኃ ቦዩ ጋ ስንደርስ መንገዱ ጎድጎድ ይላል። ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። መሪው እጄ ላይ ቀለለኝ። ከዚያ ሁለታችንም ቦዩ ውስጥ። የፊቱን ጎማ የያዘው ሹካ አንገቱ ላይ ተሰንጥቋል፣ ውስጡ ለብዙ ዘመን የዛገ ነው። ስፈገፍገው እንዴት አላየሁትም? ቀለሙን አይቼ ነዋ፣ ቀለሙን!

ጂን-ቱ ተነስቶ ጭቃውን ከጆሮው እያወጣ «ጎማው ግን ክብ ነው» አለ። መሳቅ አልቻልኩም።

እየገፋን ቤት ስንደርስ አማቴ በሩ ላይ ነበሩ። የልጃቸውን ጭቃ አዩ፣ የተጣመመውን ሹካ አዩ። «በቃ። ተይው» አሉና ገቡ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ፊታቸው ላይ ያየሁት... አንድ ነገር ተስፋ አድርገው እንደነበር ዛሬ ነው ያረጋገጥኩት።

አማቴ ቢሆኑስ ኖሮ ከኋላዬ? ማሰብ አልፈልግም።

ማርች 17

ኩዎ ቤት ሄድኩ። ፋብሪካ ሳለን ብየዳ ክፍል የነበረው። ከተዘጋ ወዲህ ከቤት አይወጣም ይባላል። እውነት ነው፣ በረንዳው ላይ ከፀጉሩ ጋር ተጣልቶ ተቀምጧል።

ሹካውን አሳየሁት። «በይድልኝ።»

አገላብጦ አየው። «ይህን አልበይድም።»

«ለምን? እጅህ ታመመ?»

«ይህ ብረት ሞቷል፣ ቢ-ሺያ። ብበይደው ነገ ሌላ ቦታ ላይ ይሰበራል። ያኔ የገደልኩሽ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው አዲስ ሥራልኝ።»

 ሹካ የሚሠራ ሰው አይደለሁም፣ ዕቃዬ አቧራ ውጦታል፣ እጄ ረስቷል... ብዙ ዘበዘበ። እኔም እንዳንተው ነበርኩ አልኩት፣ ቤት ደጋግሜ የምጠርግ። ከኋላ ማን እንደሚቀመጥ ነገርኩት። አማቴን ያውቃቸዋል፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃቸዋል።

«እማማ? ብስክሌት ላይ?»

«አዎ።»

«የማዙ ቀን?»

«አዎ።»

ከተቀመጠበት ተነስቶ የሹካውን ርዝመት በስንዝሩ ለካ። «ከድሮው በጣም ወፍራም ይሆናል። ውበት እንዳትጠይቂኝ።»

ማርች 24

ሹካው ትናንት መጣ፣ ውብ ነው። ውበት አትጠይቂኝ ያለው ሰውዬ ብየዳውን እንደ ዓሣ ቅርፊት ደርድሮታል። ጆንያ አሸክሜ፣ ያው ጉድጓድ ላይ ሆን ብዬ ደጋግሜ ነዳሁ። ዛሬ ኩዎ ራሱ መጥቶ ከኋላ ተቀመጠ፣ «የሠራሁትን የምፈትነው እኔ ነኝ» ብሎ። ጂን-ቱ ከሩቅ ቆሞ «ሰው ተቀየረብኝ» ይላል። ቦዩን አለፍን። ኩዎ ወርዶ ጎንበስ ብሎ አየ፣ አንኳኳ፣ እንደገና አየ። «ትሆናለች» አለ። ፀጉሩን ተቆርጧል።

አማቴ ከመስኮት ያዩ ነበር። መጋረጃው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።

ኤፕሪል 5

ማዙ ትናንት ወጣች። ከተማው በርችት ተናወጠ። አብሬ አልወጣሁም፤ ሹካውን መቀባት፣ ፓራፋንጎውን ማቅናት ነበረብኝ። አማቴ እንደሁልጊዜው አበሰሉ፣ ጎደሬ በሩዝ። እኔም አብሬያቸው ቆሜ ለተከታዮቹ ሳህን ሳቀብል ዋልኩ።

ሥራ ስንጨርስ አልኳቸው፦ «እማማ፣ ማዙ ስትመለስ ቺንግሹዊ ከተማ ድረስ ሄደን እንቀበላታለን። ከዚያ እየተከተልን እንመጣለን። እኔና እርስዎ።»

እጃቸውን ጠረጉ። «ማን ያበስላል?»

ጂን-ቱ ከጓዳ ሆኖ «እኔ» አለ።

«አንተ? ሰው ልትመርዝ?»

ግን እምቢ አላሉም።

ኤፕሪል 13

ከየት ልጀምር?

ጠዋት ስወጣ አማቴ ለብሰው ቆመዋል። ለሠርግ የሚለብሱት ጥቁር ሱሪና አበባ ያለው ሸሚዝ፣ ፀጉራቸው በዘይት ተለጥፎ። ብስክሌቷን ዞረው አዩ። መቀመጫውን በእጃቸው ጫን ጫን አደረጉ። መታጠቂያውን ይሳቡ ብዬ ሳሳያቸው «ሕፃን መሰልኩሽ?» አሉ፣ ታጠቁ።

ጂን-ቱ ቺንግሹዊ ድረስ በሞተር ተከተለን፣ ቀስ እያልን፤ ከዚያ ሊያበስል ተመለሰ። መጀመሪያ ላይ አማቴ ትከሻዬን ይዘው ነበር፣ ጣታቸው አጥንቴ ውስጥ ይገባል። የጎደሬው ማሳ ሲያልቅ ለቀቅ አደረጉኝ። ዞር ብዬ ሳይ ሁለት እጃቸውን የወንበሩ ክንድ ላይ አሳርፈው ዙሪያውን ያያሉ።

ማዙ መጣች። ደወሉ፣ ከበሮው፣ ጭሱ... ወንዶች በትከሻ የሚሸከሟት ትንሿ ቤቷ ለበረከት በላያቸው እንድታልፍ ሰዎች መንገዱ ላይ በረድፍ ተንበርክከዋል። አማቴ ወርደው ከሁሉም ፊት ተንበረከኩ። ያ ሁሉ ነገር በላያቸው አለፈ። ሲነሱ ጉልበታቸውን እንኳ አላራገፉም። «እንሂድ» አሉ።

ከዚያ ተከተልን። የዳጂያ ወንዝ ድልድይ ላይ ንፋሱ በጎን መጣ። ድልድዩ ረጅም ነው። ጭኔ ተቃጠለ፣ መሪው ይጎትተኛል፣ ሹካው ግን ንቅንቅ የለም። ጎማው ከእኔ በታች እየዘመረ ነው፣ ያ የማውቀው ድምፅ። የማላውቃቸው ወጣቶች ከኋላ መጥተው ሊገፉን እጃቸውን ሲዘረጉ አማቴ «ተዉ! የምትነዳው እሷ ናት!» ብለው መለሷቸው። ከዚያ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብለው፦

«ፈጠን በይ እንጂ። ማዙ ቀድማን ልትገባ ነው።»

ፈጠን አልኩ።

ከተማው መግቢያ ላይ መንገዱ ግራና ቀኝ ሰው ብቻ ነው። አንዱ ሰውዬ ሮጥ እያለ «እማማ፣ ይቺን የመሰለች ከየት ተገዛች?» ብሎ ጮኸ። አማቴ ዓይናቸውን ከማዙ አላነሱም፣ አልሰሙም ብዬ ነበር። ጥቂት ሄደን «አትሸጥም» አሉ፣ ሰውየው ጠፍቶ። ለማን እንዳሉት አላውቅም። ለራሳቸው ይሆናል።

ኩዎ ቤተ መቅደሱ ጋ ቆሞ ነበር። ማዙን አላየም፣ ሹካውን ነው ያየው። እኔ ደግሞ እሱን ሳይ እንባዬ መጣ፣ ንፋሱ ነው አልኩት።

እግሬን መዘርጋት አልቻልኩም አሁን። ከደረጃ በቂጤ ነው የወረድኩት። በሕይወቴ እንዲህ ኮርቼ አላውቅም። ሙሉ ብስክሌት... ከእምብርት እስከ ትራስ። ጎማውን ብቻ አይደለም።

ጂን-ቱ ያበሰለውን የበሉ ሰዎች በሕይወት አሉ።

ኤፕሪል 14

አማቴ ቀኑን ሙሉ ተኙ። ምሳ ይዤላቸው ገባሁ። «ወገቤ ተቆረጠ» አሉ። ይቅርታ ልጠይቅ ስል «ትራሱ ቀጭን ነው። ለከርሞ ወፍራም አድርጊው» አሉኝ።

ሜይ 20

ምሳ እየበላሁ ነበር፣ ወጥ ቤት። ግቢ ውስጥ የመኪና ድምፅ፣ ከዚያ የማላውቃት ሴት ድምፅ። ከዋይፑ ከተማ ነው የመጣችው፣ እናቷን በማዙ ቀን ይዛ ወጥታ አይታናለች። ትንሽዬ ጭነት መኪና ላይ የዛገ አሮጌ ብስክሌት ጭናለች፣ የአባቷ ነው። እናቷ ከዚያ ቀን ጀምሮ «ለእኔም» እያሉ ሰላም አልሰጧትም።

ልነሳ ስል የአማቴን ድምፅ ሰማሁ። በሩ ላይ ናቸው። የእኛን ብስክሌት አስወጥተው ሴትየዋን ወንበሩ ላይ አስቀምጠዋት ያስረዳሉ። ሽቦው እንዴት እንደሚወጠር። ስለ ሹካው። ግማሹ ስህተት ነው፣ ኩሽኔታውን ከእምብርቱ ጋር አቀላቅለውታል። ግን እንዲህ ብዙ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

ሴትየዋ «ታዲያ ሠሪዋን አሁን ማግኘት እችላለሁ?» አለች።

ሠላሳ ዓመት በዚህ ቤት ሾርባ ቀቅያለሁ፣ ሩዝ አብስያለሁ፣ ዓሣ ጠብሻለሁ። ጨው በዛ፣ ጨው አነሰ ነው የምሰማው። ባለሙያ ብለውኝ አያውቁም፣ አንድ ቀን።

«ባለሙያዋ ምሳ ላይ ናት» አሉ አማቴ። «ቁጭ ብለሽ ጠብቂ።»

መልሼ ተቀመጥኩ። የቀረውን ሩዝ ቀስ ብዬ በላሁ።